አንቴናውን የያዘው ልጅ

«አሁንስ?»

«ትንሽ ወደ ግራ!»

«አሁንስ?»

«ኧረ አለፍከው! መልሰው! መልሰው! … ቆይ … እሱ ጋ! እንዳትነካው!»

«ለቀቅኩት!»

«ወይኔ! ሄደ!»

ይህን ምልልስ የማያውቅ የእኛ ዘመን የከተማ ሰው ያለ አይመስለኝም። ዛሬ ለልጆቻችን ስናወራላቸው እንደ ተረት ይሰሙናል እንጂ፣ እኛ ቴሌቪዥን ያየነው ለሦስት ተከፍለን ነው። አንዱ ጣሪያ ላይ ይወጣል። አንዱ በር ላይ ይቆማል። የተቀሩት ተደላድለው ተቀምጠው ፍርድ ይሰጣሉ። «ጠራ!» ይላል የተቀመጠው። «ጠርቷል!» ይላል በሩ ላይ ያለው። ቃሉ ጣሪያው ላይ እስኪደርስ ምስሉ ሄዷል። ላይ ያለው ሰው «ጠራ» የተባለው የቅድሙ ይሁን የአሁኑ ስላልገባው ብረቱን እንደገና ያንቀሳቅሰዋል። እንዲህ እንዲህ እያልን ዜናው ያልቃል።

ስለ ቴሌቪዥናችን ፕሮግራም ብዙ ተጽፏል፤ እኔም የበኩሌን አማርሬያለሁ። የዛሬው ነገሬ ግን ስለ ፕሮግራሙ ሳይሆን ጣሪያ ላይ ስለሚወጣው ሰው ነው። ልብ ብላችሁ እንደሆነ የሚወጣው የቤቱ አባወራ አይደለም። ቴሌቪዥኑን የገዛውም አይደለም። የሚወጣው የሚታዘዘው ነው።

መስከረም 15 ቀን 1993 ዓ.ም. ሰኞ ነበር። ሲድኒ ላይ የ10 ሺህ ሜትር የኦሊምፒክ ፍጻሜ የሚሮጥበት ቀን ነው። እዚያ ሲመሽ እዚህ የምሳ ሰዓት ነው። እኔ በዚያን ጊዜ ቀበና ወንዙ አጠገብ፣ ጉድጓድ በመሰለ ሰፈር ውስጥ ተከራይ ነበርኩ። ግቢው ውስጥ አምስት ተከራዮች ነበርን። ቴሌቪዥኑ ያለው ግን አከራያችን እማማ ቤት ነው። ባለ 21 ኢንች ነው፤ ዳንቴል ለብሶ፣ ላዩ ላይ የፕላስቲክ አበባ ተደርጎለት በክብር የተቀመጠ። ሥራ ያለውም የሌለውም ሰበብ ፈልጎ እማማ ሳሎን ተሰብስቧል።

ለዚያ ቀን ዝግጅት አድርገን ነበር። ተዋጥተን ከመርካቶ ቡስተር ገዝተናል። ቡስተር ማለት ያቺ ከአንቴናው ገመድ ጋር የምትቀጠል፣ ቀይ መብራት ያላት ትንሽ ሣጥን ናት። ሻጩ «ይቺን ካስገባችሁ ሲድኒ ስታዲየም ውስጥ ናችሁ» ብሎናል። አስገባናት። ስክሪኑ ላይ ይዘንብ የነበረው በረዶ ወፍራም በረዶ ሆነ። ጩኸቱ ባሰ። ሌላ ለውጥ አላየንም።

ስለዚህ ወደ ቀድሞው ዘዴ ተመለስን። «ማሙሽ! ጣሪያ ላይ ውጣ!»

ማሙሽ የእማማ የሩቅ ዘመድ ነው። ከገጠር የመጣ፣ ቀን የሚላክ፣ ማታ የሚማር፣ የ12 ወይም የ13 ዓመት ልጅ ነው። ወጣ። አዞረ። አሁንስ፣ አሁንስ ተባባልን። በመጨረሻ አንዲት ቦታ ላይ ሰው መለየት ተቻለ። «ለቀቅ አድርገው» ስንለው ግን ምስሉ ይሄዳል። ሲይዘው ይመጣል፤ ሲለቀው ይሄዳል።

«ያዘው በቃ!» አለ ከመሀላችን አንዱ። «እስኪያልቅ ያዘው!»

እኔ በሩ ላይ ነበርኩ። ቃሉን ወደ ላይ ያስተላለፍኩት እኔ ነኝ። «እስኪያልቅ ያዘው ተብለሃል!»

25 ዙር ነው። ከ27 ደቂቃ በላይ ይፈጃል። ማሙሽ የመስከረም ፀሐይ ባጋለው ቆርቆሮ ላይ ቆሞ ብረቱን ያዘ።

ያየነውን ታውቁታላችሁ። የመጨረሻው ደወል ተደወለ። ፖል ቴርጋት ተፈተለከ፤ ኃይሌ ተከተለው። መጨረሻው ላይ ጎን ለጎን ሆኑ። ችግሩ እኛ ቴሌቪዥን ላይ ጎን ለጎን የሆኑት አራት ሰዎች ናቸው። እያንዳንዱ ሯጭ በስተቀኙ የደበዘዘ መንታ አለው። መስመሩ ላይ ሲደርሱ ማን ማንን እንደቀደመ ሳይሆን፣ የቱ ሰው የቱ ጥላ እንደሆነ መለየት አቃተን። «አራት ናቸው እኮ!» ብለን እንጮሃለን። ልዩነቱ የሰከንድ 9 መቶኛ ነበር፤ 27:18.20 እና 27:18.29። ይህንን በጥሩ ምስል የሚያይ ሰውም ትንፋሹን ይይዛል። እኛ ያሸነፍነው ጋዜጠኛው ሲጮህ ነው።

ከዚያማ ምኑ ቅጡ! ተቃቀፍን፤ እማማ እልል አሉ፤ ጎረቤት ሁሉ ወደ ግቢያችን ገባ። አሰፋ መዝገቡ ሦስተኛ መውጣቱን ያወቅነው ራሱ ዘግይተን ነው። በዚህ ሁሉ ሁካታ መሀል ከላይ አንድ ቀጭን ድምፅ ይሰማል።

«ጋሼ! ማን አሸነፈ?»

ማንም አልመለሰለትም። ቆየት ብሎ እንደገና፦

«ጋሼ! ልውረድ?»

ለእኔ እስከ ዛሬ የሚያቃጭለው ይህ ሁለተኛው ጥያቄ ነው።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የእማማ ቴሌቪዥን ጭራሽ አልይዝ አለና ሬዲዮ ሠሪ ተጠራ። በዕድሜ ጠና ያሉ፣ ጥቂት የሚናገሩ ሰው ናቸው። ቴሌቪዥኑን ይከፍቱታል ብለን ስንጠብቅ አልነኩትም። መሰላል ጠየቁና ወጡ። ላይ ሆነው ሲስቁ ሰማን።

«ወንድሜ፣ ጀርባውን ሰጥታችሁታል እኮ!»

ነገሩ እንዲህ ነው። ያ የዓሣ አጥንት የሚመስለው አንቴና ፊትና ኋላ አለው። አጫጭሮቹ ዘንጎች ፊት ናቸው፤ ማሰራጫው ወዳለበት መዞር አለባቸው። ረጅሙ ዘንግ ኋላ ሆኖ፣ ያለፈውን ሞገድ ወደ ፊት የሚመልስ ግድግዳ ነው። ገመዱ የሚታሰርበት በመካከላቸው ያለው ነው። የአዲስ አበባው ማሰራጫ ያለው በደቡብ ምዕራብ በኩል ፉሪ ተራራ ላይ ነው። የእኛ አንቴና ግን ፊቱን ወደ ሰሜን ምሥራቅ አዙሮ፣ ከኋላችን ያለውን ፎቅ ትክ ብሎ ያይ ነበር። ከፉሪ የመጣው ምልክት በቀጥታ በደካማው ጀርባው በኩል ይገባል። ፎቁን ገጭቶ የተመለሰው ደግሞ በጠንካራው ፊቱ በኩል ይገባል። ሁለት ኃይሌ ያየነው ለዚህ ነው።

እኚህ ሰው ያንን ጥላ በጣታቸው ለክተው ምን እንዳሉ ልንገራችሁ። የምስሉ አንድ መስመር ስክሪኑን ከግራ ወደ ቀኝ ለማቋረጥ የሚፈጅበት ጊዜ 52 ማይክሮ ሰከንድ ነው። ሞገዱ በአንድ ማይክሮ ሰከንድ 300 ሜትር ይሄዳል። በባለ 21 ኢንች ስክሪን ላይ ጥላው አንድ ሴንቲ ሜትር ከራቀ፣ ሁለተኛው ምልክት ወደ 400 ሜትር ያህል ዞሮ መጥቷል ማለት ነው። ሄዶ መመለስ ስለሆነ የገጨው ነገር 200 ሜትር ያህል ርቀት ላይ ነው። ዞር ብለን አየን። ፎቁ እዚያው ነው። እኛ በጩኸት ያልፈታነውን ነገር ሰውዬው በጣታቸው ፈቱት።

ማሙሽ ሲይዘው ለምን ይጠራ ነበር? ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ አንቴናው ከባሕር ዛፍ እንጨት ጋር በሽቦ ብቻ ስለታሰረ ሲለቀቅ ዞሮ ወደ ቦታው ይመለሳል። ሁለተኛ፣ የሰው ሰውነት ራሱ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ልጁ ዘንጎቹ መሀል ሲቆም የአንቴናው አካል ሆኖ ነበር። በሌላ አነጋገር፣ ሁለት ብሎን ስላልገዛን አንድ ልጅ ተክተናል።

ሬዲዮ ሠሪው ከዚያ በኋላ ያደረጉት ነገር ብዙ አይደለም። የባሕር ዛፉን እንጨት በውሃ ቧንቧ ቀየሩት። ቆርቆሮውም ሞገዱን ስለሚመልስ አንቴናውን ከጣሪያው ሁለት ሜትር ያህል ከፍ አደረጉት። ፊቱን ወደ ፉሪ መልሰው በሁለት ብሎን ጠፍረው አሰሩት። «ይረዳል» ብለን ዘንጎቹ ላይ ያንጠለጠልናቸውን ሹካና የድስት ክዳን ነቀሉ። የዘንጎቹ ርዝመት እንዲያው የተቆረጠ አይደለም፤ ከሞገዱ ርዝመት ግማሽ ጋር የተቀራረበ ነው። ለምሳሌ በ200 ሜጋ ኸርዝ ለሚመጣ ሞገድ ርዝመቱ አንድ ሜትር ተኩል ስለሆነ ግማሹ 75 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ሹካ እዚያ ምንም ሥራ የለውም።

ገመዱም ተራው ደረሰው። ጠፍጣፋው ገመድ ባለ 300 ኦም ነው፤ ክቡ ባለ 75። እኛ ሁለቱን ጠምዝዘን በፌስታል ጠቅልለናቸው ነበር። ሁለቱ የሚገናኙት መሀላቸው ማስተካከያ ሲገባ ብቻ ነው፤ ያለዚያ ምልክቱ መገጣጠሚያው ላይ ደርሶ ከፊሉ ይመለሳል። ፌስታሉ ውስጥ ደግሞ የክረምቱ ውሃ ተጠራቅሞ ሽቦውን አዝጎታል። በክረምት የምንረግመው ማሰራጫውን ነበር፤ ጥፋተኛዋ ያቺ ፌስታል ናት።

«ቡስተሩስ?» አልኳቸው። አውጥተው ሰጡኝ።

«ይሄ የያዝከውን ነው የሚያጎላው፤ ያልያዝከውን አይደለም። በረዶ ከያዝክ በረዶ ያጎላልሃል።»

ቡስተር ቦታ አለው። ገመዱ ረጅም ሲሆን በመንገድ ላይ የሚባክነውን ለመተካት፣ ያውም ላይ አንቴናው ሥር ሲገጠም ይጠቅማል። እኛ የገጠምነው ታች ቴሌቪዥኑ ጀርባ ነው። ምልክቱ በገመዱ ውስጥ ደክሞ ከጩኸቱ ጋር ከተቀላቀለ በኋላ ሁለቱንም እኩል ያጎላልናል።

ሒሳቡ ሲሰላ ሥራው ሁሉ፣ ብሎኑ፣ ቧንቧው፣ ማስተካከያውና የእጅ ዋጋው ተደምሮ ቡስተሩን ከገዛንበት አነሰ።

እንግዲህ እኔ የምወቅሰው ይህንን ነው። ድህነት ቢሆን አልወቅስም ነበር፤ ድሃ የሆነ ሰው ባለው ይጠቀማል። እኛ ግን ለቡስተሩ ገንዘብ ነበረን። ያጣነው ለብሎኑ የሚሆን ሐሳብ ነው። ጣሪያው ላይ ወጥቶ «ይህ ነገር ወዴት ነው የሚያየው?» ብሎ ለመጠየቅ ያሰበ ሰው አልነበረም። ለምን ያስብ? ልጅ አለ። ልጁ እስካለ ድረስ ብሎኑ አያስፈልግም። ርካሽ የሰው ጉልበት ያለበት ቤት መላ አይፈልግም። ውሃ ይቀዳል፣ ሱቅ ይላካል፣ ወረፋ ይይዛል፣ አንቴና ይይዛል … አንድ ጊዜ ተስተካክሎ ማለቅ የሚችል ነገር ስለ ልጁ መኖር ሲባል ዕድሜ ልኩን ሳይስተካከል ይቀራል።

ደግሞ አደጋውን ማን አሰበው? ክረምት ሳይወጣ፣ ርጥብ ቆርቆሮ ላይ፣ ከመብራት ሽቦ አንድ ክንድ በማይርቅ ቦታ ረጅም ብረት አስይዘን ልጅ ስንልክ ኖረናል። መብረቅ በበዛበት አገር ምሰሶውን ከመሬት ጋር በሽቦ ያገናኘ ቤት ስንት ነው? «ኧረ ምንም አይሆንም» እንላለን። የምንለው ታች ሆነን ነው።

«ማሰራጫውስ ጥፋት የለውም ወይ?» የምትሉ ትኖራላችሁ። አለው እንጂ። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. በንጉሡ የዘውድ በዓል ቀን ሥራ ሲጀምር ለአዲስ አበባና ለአካባቢዋ ነበር። ከዚያ በኋላም አገራችን ተራራና ሸለቆ ስለሆነች ለብዙ ዓመታት ምልክቱ ጨርሶ የማይደርስባቸው ቦታዎች ነበሩ። ፉሪን ከማያይ ገደል ውስጥ ያለ ሰው አንቴናውን ቢያዞር ቢያዞር ዋጋ የለውም፤ እሱ ቢያማርር ይገባዋል። ማማረር የማይገባን ምልክቱ ደጃችን ድረስ መጥቶ ጀርባችንን የሰጠነው ነን። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ሲባል ሰምተን እንስቃለን። የእኛዋ ላም ግን በእርግጥ ሰማይ ላይ ነበረች፤ ወተቷን ያጣነው ዕቃውን ገልብጠን ይዘን ነው።

ያ አንቴና ራሱ ተመሳሳይ ታሪክ አለው። የሠሩት እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ አጋማሽ በጃፓን ቶሆኩ ዩኒቨርሲቲ የነበሩ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ያጊ እና ኡዳ። ከሙከራው አብዛኛውን የሠራው ኡዳ ነው። ዓለም ግን ለብዙ ዘመን «የያጊ አንቴና» ሲለው ኖረ። ስለዚህ ብረቱን የያዘውን ሰው የመርሳት ነገር የእኛ ግቢ ብቻ ጠባይ አይደለም ብዬ ራሴን ላጽናና እችል ነበር። አልተጽናናሁም።

ዛሬ ያ የዓሣ አጥንት ከብዙ ጣሪያ ላይ ወርዷል። ሳህኑ ተተክቷል። እኛስ ተለወጥን? በ2012 ዓ.ም. ገደማ ብዙዎቹ የአገር ውስጥ ጣቢያዎች ወደ 57 ዲግሪ ምሥራቅ ሳተላይት ሲዛወሩ ወደ ምዕራብ ያይ የነበረው ሳህን ሁሉ ወደ ምሥራቅ መዞር ነበረበት። እኔ አሁን የምኖርበት ኮንዶሚኒየም ላይ በዚያ ሰሞን የነበረውን ትርምስ ብታዩ! በረንዳው ሁሉ «አሁንስ?» ይላል። ልዩነቱ በር ላይ የሚቆመው ሰው ቀርቶ በሞባይል መሆኑ ነው። ጣሪያው ላይ ያለው ግን ያው የጥበቃው ልጅ ነው። አንድ ደህና ባለሙያ ጠርቶ፣ አንድ ትልቅ ሳህን ተክሎ ለሁሉም ቤት ማከፋፈል እየተቻለ፣ በአንድ ሕንፃ ላይ የቤቱን ቁጥር ያህል ሳህን ተደርድሯል።

ሪሲቨሩ ሁለት መስመር ያሳያችኋል፤ አንዱ የምልክቱ ጥንካሬ ነው፣ አንዱ ጥራቱ። ሁላችንም የምናየው የመጀመሪያውን ነው። ሞላ ብለን ደስ ይለናል። ጥንካሬው ሞልቶ ጥራቱ ባዶ ከሆነ ግን የያዝነው ጩኸት ወይም የሌላ ሳተላይት ምልክት ነው። የዘንድሮው ዲጂታል ደግሞ እንደ ድሮው በረዶ እየዘነበበት አይታገሥም። ወይ ጥርት ብሎ ይይዛል፣ ወይ ለአፍታ እንደ ጥልፍ ተቆራርጦ ጨርሶ ይጠፋል። ይህ ጥሩ ነው እላለሁ። በድሮው ግማሽ ምስል ረክተን፣ ግማሹን በልጅ ትከሻ ሞልተን እንኖር ነበር። የአሁኑ «ወይ በደንብ እሰሩኝ፣ ወይ ተዉኝ» ይላል።

ባለፈው ፋሲካ ማሙሽ ሊጠይቀኝ መጣ። ዛሬ ማሙሽ አይባልም፤ ሁለት ልጆች ያሉት፣ በራሱ ሥራ የሚተዳደር ሰው ነው። እኔን ግን እስካሁን «ጋሼ» ነው የሚለኝ። ስንጨዋወት ያቺ ቀን ተነሣች። ሩጫውን ከዚያ ወዲህ አይተኸው ታውቃለህ ወይ አልኩት። ለካ አላየውም። ውጤቱን ሰምቷል፤ ሩጫውን ግን አላየም። ልጄ ስልኩ ላይ ፈልጎ አወጣለት።

ዝም ብሎ አየ። ደወሉ ሲደወል ወደ ፊት ጎንበስ አለ። ኃይሌ አንገቱን ሰግጎ መስመሩን ሲያልፍ፣ ውጤቱን ከሃያ ዓመት በላይ የሚያውቅ ሰው እጁን ከጭኑ ጋር አጋጨ። ከዚያ ስልኩን ለልጄ መለሰና ሳቀ።

«ለካ ሁለት ብቻ ናቸው» አለ። «እናንተ አራት ስትሉ ሰምቼ፣ እኔ እኮ ሌሎቹ እነማን ይሆኑ እያልኩ ነው የኖርኩት።»

እኔ አልሳቅሁም። የዚያን ቀን ሳልመልስለት የቀረሁትን ጥያቄ ለመመለስ ረፍዷል፤ ይቅርታ ግን ጠየቅሁት። «ምን ማለትዎ ነው ጋሼ!» አለኝ።

ዘንድሮም ኳስ አለ፣ ሩጫ አለ፣ ዜናም አይጠፋም። ስክሪኑ ሲቆራረጥባችሁ ሰው ከመጥራታችሁ በፊት መገጣጠሚያውን እዩ፤ ብሎኑን አጥብቁ፤ ወዴት እንደሚያይ ጠይቁ። ካቃታችሁ ባለሙያ ጥሩና የላቡን ክፈሉት። ልጁ ግን ይውረድና አብሯችሁ ይይ።